የዘር አደራ

ሰው ያለ ምግብ አይኖርም፤ ምግብም ያለ ዘር አይገኝም። የኢትዮጵያ ታሪክ ጸሐፊዎች የነገሥታቱን ዘመቻ፣ የአድባራቱን መተከልና የከተሞቹን መቆርቆር በብራና ላይ አኑረዋል። ለዘማቹ ስንቅ፣ ለካህኑ ድርጎ፣ ለከተሜው እንጀራ የሆነው እህል ግን ከየትኛው ዘር እንደ በቀለ፣ ያንንም ዘር ማን መርጦ ማን እንዳቆየው ብዙም አላተቱም። ይህ ታሪክ የሚነበበው በየገበሬው ማሳ፣ በየቤቱ ጎታና ቅል፣ ይልቁንም በዘሮቹ ስም ላይ ነው።

«የአገር ዘር» የሚባለው በምርምር ጣቢያ ያልተዳቀለ፣ በአንድ አካባቢ ገበሬዎች እጅ ከዘመን ወደ ዘመን እየተመረጠ የመጣና ከዚያው አፈርና አየር ጋር የተስማማ ዘር ነው። የዛሬው ትውልድ ይህን ዘር ከአባቶቹና ከእናቶቹ የተረከበው በአደራ ነው። አደራ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ማወቅንና መጠበቅን። ስለዚህ ዘሩ እንዴት እንደ ተገኘ፣ እንዴት ለጥፋት እንደ ተጋለጠ፣ ከጥፋትም ለማዳን ምን እንደ ተሠራ በተራ መመልከት ይገባል። እ.ኤ.አ. ተብለው የተለዩት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ የቀሩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ዘሮቹና ስሞቻቸው

የኢትዮጵያ ምድር በአንድ ቀን መንገድ ከውርጭ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ወይናደጋ፣ ከዚያም ወደ ቆላ ያወርዳል። ገብስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ብርዱን ችሎ ይበቅላል፤ ስንዴና ጤፍ ከእርሱ ዝቅ ብለው ይዘራሉ፤ ማሽላ ሙቀቱን ይወዳል። ተራራው ፀሐይ በሚያገኝበትና በማያገኝበት ወገን፣ መሬቱም ዋልካ ወይም ቀይ አፈር በሆነበት ስፍራ ጠባዩ ስለሚለያይ፣ ለአንዱ የተመቸ ዘር ለሌላው አይመችም። ስለዚህ ገበሬው አንድ ዘር ይዞ ምድሩን ሁሉ ለማስገበር አልሞከረም፤ ለየምድሩ የሚስማማውን ዘር መረጠ እንጂ።

የመረጠውንም ዘር በስም ለየው። ስሙም ስለ ዘሩ ጠባይ የሚናገር ትምህርት ሆነ። «ሰነፍ ቆሎ» የተባለው ገብስ ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ ለመሸክሸክ ብዙ ድካም አይጠይቅም፤ ሰነፍ ሰው እንኳ ቆሎ አድርጎ ይበላዋል ለማለት ነው። «ቡኒኝ» የተባለው ጤፍ ፈጥኖ የሚደርስ ስለሆነ ዝናብ በዘገየ ዓመት ገበሬው ወደ እርሱ ይመለሳል። «ማኛ» ስለ ንጣቱ በገበያ ይከበራል፤ ነጩና ቀዩ የተቀላቀለበት ጤፍ «ሰርገኛ» ይባላል። ከማሽላ ወገን «ጥንቅሽ» አገዳው እንደ ሸንኮራ እየተላጠ ይመጠጣል፤ በወሎ የታወቀው «ወተት በጉንጬ» ደግሞ እሸቱ ሲበላ የሚሰጠውን ጣዕም በስሙ ይዞ ይኖራል። አንድ ሰው እነዚህን ስሞች ከነምክንያታቸው ቢያውቅ፣ ስለ አፈርና ስለ ዝናብ፣ ስለ ወፍጮና ስለ ምጣድ ብዙ ትምህርት አገኘ ማለት ነው።

ከዚህም በላይ ገበሬው በአንድ ማሳ ውስጥ አንድ ዐይነት ብቻ እንዲበቅል አላስገደደም። በትግራይና በኤርትራ ደጋ «ሃንፈጽ» የሚባል አዘራር አለ፤ ይኸውም ገብስና ስንዴ ተቀላቅለው በአንድነት ተዘርተው በአንድነት የሚታጨዱበት ነው። ዝናቡ ቀድሞ ቢቋረጥ ገብሱ ፈጥኖ ደርሶ ቤተ ሰቡን ያድናል፤ ዝናቡ ቢሰምር ስንዴው ደስ ያሰኛል። አረሙ፣ ተባዩና በሽታው አንዱን ቢያጠቃ ሌላው ይተርፋል። ማሳው ለሩቅ ተመልካች የተዘበራረቀ ይመስላል፤ ነገር ግን የገበሬው ጥንቃቄ ያለው በዚሁ መዘበራረቅ ውስጥ ነው።

ዘር መምረጥ የሚጀምረው ከአጨዳ በፊት ነው። ገበሬው ማሳውን እየዞረ የጠነከረውን፣ ዘለላው የሞላውን፣ ውርጭና ተባይ ያልነካውን ይለያል። ከዚያ በኋላ የሴቶች ድርሻ ይመጣል። ለእንጀራ የሚለሰልሰው፣ ለጠላ ብቅሉ የሚያምረው፣ ለበሶና ለቆሎ የሚመረጠው የቱ እንደ ሆነ አጥርተው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ እነርሱ ያልወደዱት ዘር በማሳ ብዙ ዘመን አይቆይም። የተመረጠው የማሽላ ዘለላ ነቀዝ እንዳይገባው ከምድጃ በላይ ጢሱ በሚደርስበት ይሰቀላል፤ ጥቃቅኑ ዘር በቅልና በሸክላ ዕቃ ተከድኖ አፉ በጭቃ ይመረጋል። ዘር የጎደለበት ከዘመድና ከጎረቤት ተበድሮ በአዝመራው ጊዜ ይመልሳል። በዚህ ዐይነት አንድ ዘር በአንዱ ቤት ቢጠፋ በሌላው ቤት ይገኝ ነበር፤ መላው አገር እንደ አንድ ጎተራ ሆኖ ኖረ።

የውጭ አገር ሊቃውንት ምስክርነት

ይህን ሀብት ከውጭ አገር መጥተው ከመረመሩት ሰዎች መካከል አንዱ አሜሪካዊው የገብስ ሊቅ ሃሪ ሃርላን ነበር። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1923 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የገብስ ዐይነቶችን ሰበሰበ። ከእርሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1927፣ ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ መጣ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያን በእንደራሴነት ያስተዳድሩ የነበሩት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ነበሩ። ቫቪሎቭ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በበቅሎ ጓዝ ወደ ሰሜን በመጓዝ፣ በጎንደርና በአክሱም በኩል አድርጎ አስመራ ደረሰ። በየመንገዱ ከየማሳውና ከየገበያው የእህል ናሙና እየሰበሰበ ወደ አገሩ ላከ።

ቫቪሎቭ በዓለም ላይ የሰብል ዐይነት እጅግ የበዛባቸውን ስፍራዎች በካርታ ላይ ሲለይ ኢትዮጵያን ከእነዚያ ታላላቅ ማዕከሎች መካከል ቈጠራት። በተለይ የዱረም ስንዴና የገብስ ዐይነት በእንዲህ ያለ ብዛት በአንድ አገር መገኘቱ አስደነቀው። ጤፍን የመሰለውን እህል ለዓለም ያበረከተችውም ይህችው ምድር ናት።

በዚህ ስፍራ መምህራን ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ታላቅ ነገር አለ። የስንዴና የገብስ የዱር ዘመዶች በብዛት የሚገኙት በቅርብ ምሥራቅ አገሮች ነው። አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደሚስማሙበት እነዚህ ሁለት እህሎች ለመጀመሪያ ጊዜ የተለመዱት በዚያ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በጥንት ዘመን ነው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ በኢትዮጵያ የታየው የስንዴና የገብስ ብዛት ከዱር የተለቀመ አይደለም። ጥቂት ሆኖ የመጣውን ዘር በየተራራውና በየሸለቆው ዘርቶ፣ መርጦ፣ ለይቶና ስም አውጥቶ ያበዛው የአገሩ ምድርና የገበሬው እጅ ነው። ስለዚህ የአገር ዘር የተፈጥሮ ሀብት ብቻ ሳይሆን የሥራና የዕውቀት ውጤት ነው፤ እንደ ሕንፃና እንደ መጽሐፍ ሁሉ በታሪክ ቅርስነት ሊቈጠር ይገባዋል።

የቫቪሎቭ መጨረሻ አሳዛኝ ነው። በአገሩ በነበረው የፖለቲካ ክስ እ.ኤ.አ. በ1940 ተይዞ፣ ዕድሜውን በሙሉ ረኀብን ለማጥፋት የደከመው ሰው እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። በዚያው ዘመን ሌኒንግራድ በጠላት ጦር ተከብባ ሳለች፣ ያሰባሰበውን ዘር ይጠብቁ የነበሩት የተቋሙ ሠራተኞች በሩዝና በስንዴ ከረጢቶች መካከል ተቀምጠው፣ ከዘሩ ሳይበሉ አንዳንዶቹ በረኀብ አለቁ። ዘርን መብላት የመጨረሻው ጥፋት መሆኑን የሚያውቅ የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን ዜና ቢሰማ የሰዎቹ ሐሳብ እንግዳ አይሆንበትም።

ለሌላው ዓለም የተረፈ ሀብት

ከኢትዮጵያ የወጣው ዘር ለሌሎች አገሮች ያስገኘው ጥቅም ብዙ ነው፤ ሁለት ምሳሌ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት የገብስን ቅጠል እያቢጫ አዝመራውን የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ታወቀ። ሊቃውንቱ መድኃኒት ፍለጋ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡትን ብዙ ሺህ የገብስ ዐይነቶች በየተራ ፈተኑ። በሽታውን በሚገባ ተቋቁመው የተገኙት ሁሉ ለማለት እስኪቻል ድረስ የኢትዮጵያ ገብሶች ነበሩ። ከእነርሱ የተወሰደው የመቋቋም ኃይል በማዳቀል ወደ ካሊፎርኒያ ገብስ ተላልፎ እርሻውን ታደገ። በአንድ የደጋ መንደር ስሙ ያልተመዘገበ ገበሬ ያቆየው ዘር በሌላ አህጉር የሚኖረውን ባለ እርሻ ከኪሳራ አዳነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የወሎ ማሽላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም የማሽላ ዐይነቶች መካከል ሲመረምሩ፣ ከወሎ የተገኙ ሁለት ዐይነቶች ላይሲን የተባለውን ለሰውነት እጅግ አስፈላጊ የሆነ የፕሮቲን ክፍል ከሌሎቹ አብልጠው እንደ ያዙ አስታወቁ። የወሎ ገበሬ ላይሲን የሚለውን ቃል አያውቅም፤ ነገር ግን እነዚህ ማሽላዎች ምርታቸው አነስተኛ ሆኖ ሳለ፣ ከሌላው ማሽላ መካከል በጥቂቱ እየዘራ እሸታቸውን ጠብሶ ይበላ ነበር። የሚያሳዝነው ግን፣ የወሎ ማሽላ ለዓለም ሊቃውንት የምሥራች በሆነበት በዚያው ዓመት የወሎ ሕዝብ በረኀብ ያልቅ ነበር። የአገር ሀብት በመጽሔት መታወቁ ብቻ ባለቤቱን እንደማያጠግብ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

የአዲሱ ዘር በረከትና አደጋው

እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ እርሻ አዲስ ዘመን መጣ። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቋመ፤ በዓመቱም በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአርሲ ሥራ ጀመረ። ምርጥ ዘርና የፋብሪካ ማዳበሪያ ለገበሬው ተዳረሰ፤ የስንዴ ምርትም ከፍ አለ። የሕዝቡ ቍጥር ከቀን ወደ ቀን ሲጨምር ከአንድ ጋሻ መሬት የሚገኘው እህል እንዲበዛ መፈለጉ ተገቢ ነውና ይህን ሥራ መንቀፍ አይቻልም። የአገር ዘር ሁሉ በጎ፣ አዲስ ዘር ሁሉ ክፉ ነው የሚል ሰው ቢኖር ልጆች የሚያሳድገውን ገበሬ ችግር ያልተረዳ ነው።

ነገር ግን በረከቱ አደጋ አስከትሎ ነበር። አዲሱ የዳቦ ስንዴ በገባበት ሁሉ ብዙ ዐይነት የዱረም ስንዴ ከማሳ ወጣ፤ ቀድሞ በአንድ መንደር በልዩ ልዩ ስም ይጠሩ የነበሩት ስንዴዎች በአንድ ስም ተተኩ። ሰፊ አገር በአንድ ዐይነት ዘር ሲሸፈን አንዱን ያሸነፈ በሽታ ሁሉንም ያሸንፋል። ይህም በተግባር ታየ። «እንኮይ» የተባለው ብዙ የተወደደ የስንዴ ዘር እ.ኤ.አ. በ1993ና በ1994 በአርሲና በባሌ በግንድ ዋግ ተመትቶ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገሪቱ ስንዴ ላይ ከባድ ጉዳት አደረሰ። ከዚያ በኋላ «ዲገሉ» የተባለው ዘር፣ ከኡጋንዳ ተነሥቶ ምሥራቅ አፍሪካን ያስጨነቀውን «ዩጂ 99» የተባለ የግንድ ዋግ ይቋቋማል ተብሎ በሰፊው ተዘራ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ሌላ የዋግ ዘር ተነሥቶ ማሳውን አወደመው።

የአገር ዘርም ቢሆን ከዋግ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ልዩነቱ ያለው በመቀላቀሉ ላይ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይቆማል። ሌላው ቁም ነገር ደግሞ፣ አዲሱ ምርጥ ዘር ሲወድቅ አዳቃዩ ሊቅ የመቋቋም ኃይል ፍለጋ የሚመለሰው ወደዚያው ወደ አሮጌው ዘር መሆኑ ነው። ስለዚህ አዲሱን ዘር ለመሥራት ሲባል አሮጌውን ማጥፋት፣ ጣሪያውን ለመሥራት መሠረቱን እንደ መናድ ይቈጠራል።

ዘሩን የማዳን ሥራ

ይህ ሁሉ ታስቦ እ.ኤ.አ. በ1976 በኢትዮጵያና በፌዴራል ጀርመን መንግሥታት ስምምነት የዕፀዋት ዘር ሀብት ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ይህ ተቋም ስሙ በየጊዜው ተለዋውጦ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ተብሏል። ሠራተኞቹ በየአውራጃው እየዞሩ የሰበሰቡት ዘር ከእርጥበቱ ደርቆ፣ በማይተነፍስ ከረጢት ታሽጎ፣ ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። በዚህም ከ60,000 በላይ ናሙና ከጥፋት ድኗል።

ከማዕከሉ መሪዎች መካከል ስማቸው በዓለም የታወቀው ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ታላቅ ድርቅ በወሎና በሰሜን ሸዋ ብዙ ቤተ ሰብ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለመብላት ተገደደ። ለዘር የተቀመጠ ከጠፋ፣ ዝናብ ቢመጣም የሚዘራ አይኖርም፤ በርዳታ የመጣው የባዕድ እህል ደግሞ ለምድሩ የተስማማ አይደለም። በዚያ ክፉ ጊዜ ማዕከሉ የአገር ዘር ጨርሶ ሳይጠፋ ለመሰብሰብና ኋላም ለገበሬው መልሶ ለማድረስ ደከመ። ዶክተር መላኩም ስለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

የዶክተር መላኩ ዋና ትምህርት ዘርን በቀዝቃዛ ክፍል ማስቀመጥ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። በዚያ ያለው ዘር እንደ ተኛ ሰው ነው፤ አይሞትም፣ ነገር ግን ውጭ የሚሆነውን አያይም። ዝናቡ ሲቀንስ፣ ሙቀቱ ሲጨምር፣ አዲስ በሽታ ሲነሣ እየተለወጠ የሚለመደው በየዓመቱ ማሳ ላይ የሚዘራው ዘር ነው። ስለዚህ በካናዳ የርዳታ ድርጅት ድጋፍ ገበሬዎች የአገራቸውን ዘር በማሳቸው እያሻሻሉ እንዲጠብቁ የሚያደርግ ሥራ ተጀመረ። በሸዋ በኤጀሬ ገበሬዎች ተደራጅተው የራሳቸውን የዘር ጎተራ አቋቋሙ፤ ከማሳ ወጥቶ የነበረው የዱረም ስንዴ ተመልሶ ተዘራ፤ የተበደረው ገበሬም ዕዳውን በዘር እንዲከፍል ሆነ። ይህ የአባቶችን የዘር ብድር በአዲስ መልክ ማቋቋም ነው።

የገበሬው ዕውቀት በሳይንስ ሚዛን ሲመዘን ቀላል ሆኖ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2012 በመቄት በገረገራና በትግራይ በሀገረ ሰላም፣ ወንዶችና ሴቶች ገበሬዎች በ400 ዐይነት ስንዴ መካከል እየተዘዋወሩ እንዲመርጡ ተደረገ፤ አብዛኛው ከዘር ባንኩ የወጣ የአገር ዘር ነበር። በዚያ ምድር ከምርጥ ዘሮቹ የበለጠ ምርት የሰጡ የአገር ዘሮች ተገኙ፤ ገበሬዎቹ በዐይናቸው የመረጡትም ከመለኪያው ውጤት ጋር የሚቀራረብ ሆነ።

የዘር ባለቤት ማን ነው?

ዘር ሀብት መሆኑ ሲታወቅ የባለቤትነት ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ የጤፍን ዘር ለመጠቀምና ጥቅሙን ከኢትዮጵያ ጋር ለመካፈል ተዋዋለ። ኋላ ግን በጤፍ ዱቄት ዝግጅት ላይ የፈጠራ መብት በአውሮፓ ተመዘገበ፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲከስር ኢትዮጵያ ተስፋ ያደረገችው ጥቅም ቀረ፤ መብቱ ግን በሌሎች እጅ ቆየ። ለብዙ መቶ ዓመታት በየኢትዮጵያዊቱ ጓዳ ሲቦካ የኖረ ዱቄት በባዕድ አገር እንደ አዲስ ፈጠራ ተቈጠረ። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ይህ መብት በኔዘርላንድስ ዋጋ እንዳይኖረው ፈረደ። በአገር ውስጥ ደግሞ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረ ሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቍጥር 482/1998 ዘሩን ያቆየው ማኅበረ ሰብ ከሚገኘው ጥቅም ድርሻ እንዳለው ደነገገ። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዘሩን፣ ስሙንና ታሪኩን የማያውቅ ሕዝብ በሕጉ ሊጠቀም አይችልም።

የመምህሩ ድርሻ

እንግዲህ ነገሩ ወደ ትምህርት ቤት ይደርሳል። የዘር ባንኩ ናሙናውን ይጠብቃል፤ ገበሬው ማሳውን ይጠብቃል፤ ዘሩን ከነስሙና ከነጠባዩ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚያሻግር ግን ሌላ እጅ ያስፈልጋል። ቀድሞ ይህን ሥራ ምድጃ ዳር የሚነገረው ወግና በአውድማ የሚታየው ሥራ ይፈጽሙት ነበር። ዛሬ ልጁ የቀኑን ብዙ ሰዓት የሚያሳልፈው በትምህርት ቤት ነው። በመጽሐፉ የሚያነበው «ስንዴ» የሚለውን አንድ ቃል ብቻ ከሆነ፣ አያቱ የሚያውቋቸው ዐሥር የስንዴ ስሞች ከእርሳቸው ጋር ይቀበራሉ።

ይህን ለመከላከል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በገጠር የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹ ከየቤታቸው የሚያውቁትን የዘር ስም እንዲያመጡ፣ ዘሩ በየትኛው አፈር እንደሚዘራ፣ በስንት ወር እንደሚደርስ፣ ለምን ምግብ እንደሚሆንና ማን እንደሚያቆየው ከአረጋውያን ጠይቀው በደብተር እንዲጽፉ ሊያደርግ ይችላል። የትምህርት ቤቱ ጓሮ ጥቂት መደብ ቢኖረው ዘሮቹ ጎን ለጎን ተዘርተው ልዩነታቸው በዐይን ይታያል። የሥነ ሕይወት መምህር ውርስንና ምርጫን፣ የጂኦግራፊ መምህር ከፍታንና አየር ጠባይን፣ የታሪክ መምህር የገበሬውን ሥራ፣ የአማርኛ መምህር የስሞቹን ትርጉም ከዚሁ መደብ ሊያስተምር ይችላል። የትምህርት ሹማምንትም እንዲህ ያለው ሥራ ከመርሐ ግብሩ ውጭ የሆነ ጨዋታ እንዳይመስላቸው ያስፈልጋል።

አበው «ገብስ የእህል ንጉሥ» ሲሉ እህልን በማዕርግ ይጠሩ ነበር። የማዕርጉ ምክንያት ለልጆቻቸው ይታወቅ ዘንድ አደራው በመምህሩ እጅ ወድቋል። ዘር ከማሳ የሚጠፋው በአንድ ቀን አይደለም፤ በመጀመሪያ ስሙ ከልጆች አፍ ይጠፋል፤ ቀጥሎም ከእናቶች ጓዳ፤ በመጨረሻም ከምድር። ስሙን የሚያውቅ ልጅ ግን ዘሩ ሲጎድል ያስተውላል፤ ያስተዋለም ይጠይቃል፤ የጠየቀም ፈልጎ ያገኘዋል።